የፍልሰታ ወተት

ባሕር ዳር ተወልጄ ስላደግሁ ብርድ ማለት ለእኔ ጠዋት ከሐይቁ ላይ የሚነሣው ነፋስ ነበር። ጋይንትን ካየሁ ወዲህ ያንን ብርድ ብዬ መጥራት ትቻለሁ። ጎረቤቶቼ «አገሩ እንዴት ነው?» ሲሉኝ ስለ ጭቃውና ስለ ቅዝቃዜው እነግራቸዋለሁ፤ የቀረውን ለመናገር ግን ጊዜ ወስዶብኛል። ወደዚያ የመሄድ ነገር የማይገጥማችሁ ብዙ ስለሆናችሁ እንደ አካሄዴ ከመነሻው ልጀምር።

ሥራዬ እናቶችን ማማከር ነው። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ እንዳለ ያወቅሁት ነፍሰ ጡር ሳለሁ ነው። የመጨረሻ ልጄን መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እየዋጥሁ ጡት አጥብቼ አሳደግሁት፤ ጡት ከጣለ በኋላ ተመርምሮም ነጻ ሆነ። እንደ እኔ ያሉ ሴቶች «ማጥባት እፈልጋለሁ፣ ግን እፈራለሁ» ሲሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ያለፍሁበትን አወራቸዋለሁ።

ነሐሴ እንደ ገባ፣ ታች ጋይንት ባለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ብርቱካን የምትባል አዋላጅ ነርስ ደወለችልኝ። ባሕር ዳር ለሥልጠና በመጣች ጊዜ ተዋውቀናል።

«አንዲት እናት ጠፋችብኝ» አለችኝ። «እንጉዳይ ትባላለች። ግንቦት ላይ እኔው ነኝ ያዋለድኋት፤ ሴት ልጅ። ክረምት ወንዝ ይሞላል ብዬ መድኃኒቷን ጨመር አድርጌ ሰጥቻት ነበር፤ አሁን ሊያልቅባት ነው። አማቷ ስማዳ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳለች ይላሉ። እዚያው ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ደውዬ አስጠየቅሁ፤ ወላጆቿ አላየናትም አሉ።»

«ባሏስ?»

«መተማ ለአረም ወርዷል፤ ስልኩም አይሠራ። እኔ ብሄድ የመንግሥት ሰው መጣ ብለው ይዘጉብኛል። አንቺ ግን ራስሽ ያጠባሽ ነሽ። ነይልኝ።»

ልጄን ለእህቴ ትቼ ረቡዕ ጠዋት ተነሣሁ።

እስከ ደብረ ታቦር ድረስ መንገዱም ሰማዩም ደኅና ነበር። የጉናን ተራራ ስንጠጋ ግን ቀኑ ጠፋ። እኛ አገር ጭጋግ ሲመጣ ከሐይቁ ላይ ቀስ ብሎ ነው፤ ሲመጣ ታየዋለህ። የጉናው አይታይም፤ ድንገት ውስጡ ነህ። ሾፌሩ በቀትር መብራት አብርቶ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳ ጀመር። እዚያ ላይ ጎማ ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን። ጎማው እስኪቀየር አንዳችን ከሌላችን ጥቂት እርምጃ እንኳ ብንርቅ የሚቀረን ድምፅ ብቻ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ሁላችሁም አላችሁ?» እያሉ ደጋግመው ይጣራሉ፤ «አለን» እንላለን። አንድ ጊዜ ግን «አለሁ» የሚል የሴት ድምፅ ከገደሉ በኩል መጣ። ማናችን እንደሆንን አልጠየቅንም። ሽማግሌውም ከዚያ በኋላ አልተጣሩም። አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት መንቀጥቀጤን አይታ ጋቢዋን ግማሽ ለእኔ ደረበችልኝ፤ ንፋስ መውጫ እስክንደርስም አልወሰደችብኝም።

ንፋስ መውጫ ስሙ ሐሰት የለበትም። ያደርሁበት ቤት ባለቤት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናቸው፤ እግሬን የምታጠብበት ሙቅ ውኃ ይዘው መጡ። የጾም ሽሮ አቀረቡልኝና እኔ ሞኟ፣ «ባሕር ዳር ብሆን ዓሣ አይጠፋም ነበር» አልሁ።

«ዓሣ? በፍልሰታ?» አሉኝ። «ሐይቁ አበላሽቷችኋል።» ብለው ሽሮውን ጨመሩልኝ።

ሐሙስ ጤና ጣቢያው ወዳለበት ወደ አርብ ገበያ ከተማ የሄድሁበትን አይሱዙ መኪና ሁለት ጊዜ ጭቃ ዋጠው፤ ሁለቱንም ጊዜ ከማሳ የወጡ ገበሬዎች ገፍተው አወጡን። የአንድ ጫማዬ ሶል እዚያው ጭቃ ውስጥ ቀረ። ብርቱካን ጫማዬን አይታ ሳትስቅ የራሷን የዝናብ ቦቲ ሰጠችኝ። በተከራየችው ክፍል አንድ አልጋ ላይ አብረን ተኛን። ከመተኛታችን በፊት የእንጉዳይን ታሪክ ነገረችኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንጉዳይ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ለሁሉም እናት አልደረሰም፤ ምክሩም የተለየ ነበር። ሌላ የሚሰጥ ነገር ያላት እናት እንዳታጠባ ትመከር ነበር። ቤተሰቡ ላም ነበራቸው። እንግዲያው የላም ወተት ተባለ። ልጁ ተቅማጥ ያዘው፤ አልተረፈም።

«አሁን ስትወልድ» አለች ብርቱካን፣ «ገና እትብቱ ሳይቆረጥ "ይችን አጠባታለሁ" አለችኝ። አልጠየቀችኝም፤ ነገረችኝ እንጂ።»

ዓርብ የገበያ ቀን ነው። ወደ መንደሩ ብቻችንን ከምንሄድ ብለን ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ተደባለቅን። በቀጭን ዝናብ፣ በገብስና በባቄላ ማሳ መካከል፣ አህያ እየነዱ ያወራሉ፤ እኔን ስለ ባሕር ዳር ሙቀት ይጠይቁኛል። ከየመገንጠያው አንድ ሁለት እያሉ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። መጨረሻ የቀሩት አንድ ገበሬና ሚስቱ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን።

«ወደ እመት ስንዱ» አለች ብርቱካን። የእንጉዳይ አማት ናቸው።

ባልየው ሚስቱን አየ። ሚስትየው፣ «በጭጋግ ከገደሉ ሥር ወዳለው ጠበል አትውረዱ» አለች።

«ለምን?»

«ሕፃን ያለቅሳል።»

«የማን ሕፃን?»

«የሞተው ነዋ» አለች፤ የጎረቤት ልጅ የምትጠቅስ ይመስል። ከዚያ አህያዋን መታ አድርጋ ሄደች።

ያረፍነው በደብሩ ቄስ፣ በቄስ አድማሱ ቤት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አለሚቱ ከእሳቱ አጠገብ ያለውን የራሳቸውን መደብ ለቀቁልን፤ ተው ብንል አልሰሙም። ቄሱ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ እኛም ጹመን ስለዋልን፣ የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ በላን። እንደ በላን ስልኬ ጮኸ። መድኃኒቴን የምውጥበትን ሰዓት እንዲያስታውሰኝ የሞላሁት ደወል ነው፤ ማጥፋት ረስቼ ነበር። ሁሉም ያየኛል። ቦርሳዬን ከፍቼ ኪኒኗን አወጣሁ። ወይዘሮ አለሚቱ ውኃ አቀበሉኝ።

«ለብርዱ ነው፣ ልጄ?»

«ለዕድሜ ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያ ያርዝመው» አሉና ሌላ አልጠየቁም።

ብርቱካን ስለሚያለቅሰው ሕፃን አነሣች። ቄሱ ጥቂት አሰቡ። «ከሐምሌ ወዲህ ነው» አሉ። «ብዙ ሰው ሰምቷል። እኔም ሰምቻለሁ። ጠበሉ ዘንድ ሱባዔ የያዙ አንዲት መነኩሲት አሉ፤ እሳቸው ሰው አያነጋግሩም፤ ሰውም ወደሳቸው አይወርድም። ልጅ ደግሞ እዚያ የለም። ያ የእንጉዳይ ልጅ ሲሞት የጸለይሁለት እኔ ነኝ። ጸሎቱን አጓድዬ ይሆን እላለሁ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው የቄስ አልነበረም፤ የተጨነቀ ሰው ድምፅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ እመት ስንዱ ቤት ሄድን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ ሴት ናቸው። ይዘጉብናል ያልነው ቀርቶ እጃችንን ይዘው አስገቡን፤ የሽምብራ ቆሎ አቀረቡ፤ ቅዳሴው ገና አለመውጣቱ ትዝ ሲላቸው ደግሞ «ለኋላ ትይዙታላችሁ» ብለው በጨርቅ ቋጠሩልን። ምራታቸው የት እንዳለች ብንጠይቅ «ስማዳ» አሉ፤ እንደሚያምኑበት ያስታውቃል። ከዚያ ወደ በሩ እያዩ፣ «ዛሬ ሰማችሁት?» አሉን።

«አልሰማንም።»

«ጭጋጉ ከገደሉ ሲወጣ ትሰማላችሁ። ጡት ነው የሚጠይቅ።»

በሩን ትተው ወደ እኛ ዞሩ።

«ወተቷ ይገድለዋል አሉን» አሉ። «ከከተማ የመጣ የተማረ ሰው ነው ያለን። እኔ መሃይም ነኝ፤ አመንሁ። ያኔም ላም ነበረችን። በእጄ አጠጣሁት። እሷ ደረቷን በመቀነት አስራ ጥግ ትቀመጣለች፤ እሱ ይጮኻል፤ ወተቷ በቀሚሷ ላይ ይወርዳል። ስትነሣ እኔ ነኝ ክንዷን የምይዝ። ከዚያ ዝም አለ።» ብርቱካንን ትኩር ብለው አዩአት። «አሁን ደግሞ እናንተው ታጥባ ትላላችሁ። ይችኛዋንም ስታጠባ አይቼ ልነጥቃት ስል ጥላኝ ሄደች። የቱን ልመን?»

ብርቱካን ወደሳቸው ጠጋ ብላ ተቀመጠች። «ያኔ ገደል በግራ ገደል በቀኝ ነበር፣ እመት» አለች። «ያለ መድኃኒት ማጥባቱም ያሰጋል፤ የላም ወተቱም በዚህ ውኃ ልጅ ይገድላል። አሁን መድኃኒቱ አለ። እናቲቱ ሳታቋርጥ ከዋጠች፣ ስድስት ወር ጡት ብቻ ከሰጠች፣ ውኃም ሌላ ወተትም ካልተቀላቀለበት፣ ወደ ልጁ የመተላለፉ ነገር በጣም ያንሳል።»

«ያንሳል እንጂ ይጠፋል አላልሽም።»

«አላልሁም» አለች ብርቱካን።

እኔም ስለራሴ ነገርኋቸው። ልጄ አሁን የሰው ደጅ እየሮጠ ጎረቤት እንደሚያስቸግር ስነግራቸው መጀመሪያ እጄን፣ ከዚያ ፊቴን አዩ።

ወደ ጓሮ ሲወጡ ተከተልናቸው። በአጥሩ ታች፣ ገደሉን በሚያየው በኩል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንድ ዋንጫ አኖሩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ትኩስ ወተት ነው። በፍልሰታ፣ ማንም ወተት በማይቀምስበት ቤት።

«ለእሱ ነው» አሉ። «ማታ አኖራለሁ፤ ጠዋት ባዶውን አገኘዋለሁ። ይጠጣዋል። ትናንት ማታ ስለታመምሁ ነው አሁን ያመጣሁ።»

ብርቱካን ክንዴን ያዘችኝ። ጭጋጉ ያን ጊዜ ከገደሉ እየወጣ ነበር፤ አጥሩን ዋጠ፤ ዋንጫውንም ዋጠ። ከዚያ ከታች ለቅሶው መጣ።

ስለዚህ ለቅሶ ሰው ሲነግረኝ ቀበሮ ወይም ወፍ ይሆናል ብዬ ነበር። አይደለም። የሕፃን ለቅሶ ነው። ከአንድ ቦታ አይመጣም፤ ከጭጋጉ ሁሉ ይመጣል። እመት ስንዱ መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ልጄ ጡት ከጣለ ወራት አልፈዋል፤ ጡቴ ደርቋል። ያን ለቅሶ ስሰማ ግን ሁለቱም ጡቶቼ ወጠሩ፤ ያ የማውቀው፣ ወተት ሊወርድ ሲል የሚመጣው ጠቅ ጠቅ የሚል ስሜት መጣብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የሞተ ልጅ ከእኔ ጡት የሚጠይቅ መሰለኝ።

ለቅሶው ከፍ አለ፤ ተቆራረጠ፤ ቀጥሎ ድንገት ተቋረጠ። ደክሞት እንደሚተኛ ልጅ ቀስ እያለ አልጠፋም፤ እንደ ታመመ ልጅም አልተልፈሰፈሰም። ግማሹ ላይ ቆመ፤ ከዚያ አጭር፣ የታፈነ ማጉረምረም፤ ከዚያ ጸጥታ። ይህን ጸጥታ አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ በእቅፌ ሰምቼዋለሁ።

«ብርቱካን» አልሁ፣ «ይሄ ልጅ ጡት ጎረሰ።»

መነኩሲቱን ላለማወክ ቀስ እያልን ወረድን። መንገዱ ጭቃና የረጠበ ድንጋይ ነው፤ ሁለት ጊዜ በቂጤ ተንሸራተትሁ። ከገደሉ ሥር ጠበሉ ይንጠባጠባል፤ ከጎኑ ሣር የለበሰች ጎጆ አለች። መነኩሲቱን ደጅ ላይ ቆመው አገኘናቸው፤ ስንመጣ ሰምተዋል። ለረጅም ጊዜ ካዩን በኋላ ከበሩ ገለል አሉ።

እንጉዳይ ውስጥ ነበረች። ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ በጉልበቷ ላይ ቢላዋ አስቀምጣ፣ ልጅቱን ታጠባለች። ብርቱካንን ስታውቅ ቢላዋውን ወደ ጎን አደረገች።

«ልትወስዷት ነው?»

«መድኃኒትሽን ይዤልሽ ነው የመጣሁ» አለች ብርቱካን።

«አላቋረጥሁም። ሊያልቅ ነው እንጂ አላለቀም።» ከቀሚሷ ሥር የኪኒኑን ዕቃ አውጥታ አንቀጨቀጨችው። «ለልጅቱ የሰጠሽኝንም ሽሮፕ እስኪያልቅ አጠጥቻታለሁ። ከጡት በቀር ምንም አልቀመሰችም። ጠበልም አልሰጠኋት፤ እማሆይ ግንባሯን ብቻ ነው የቀቡልኝ።»

አጠገቧ ተቀመጥሁ። ምን በልተሽ ታጠቢያለሽ አልኋት። እማሆይ ከቆሎአቸው እንደሚያካፍሏት ነገረችኝ። ከዚያ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ፣ «ወተትም አለ» አለች። «እናታችን ከአጥሩ ሥር ያኖራሉ። ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ለእሱ ነው። መጀመሪያ ቀን ስጠጣው አለቀስሁ። ኋላ ግን ለእህቱ ይሁን ብዬ ጠጣሁ። ወንድሟ ይሰጣት አልሁ።»

በሩ ጨለመ። እመት ስንዱ ተከትለውን ወርደዋል፤ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። እንጉዳይ ልጅቱን አጥብቃ ያዘች። አሮጊቷ ግን እጃቸውን አልዘረጉም። የሚያዩትን ሰው ነው ብለው ያመኑ አይመስሉም። ተንበረከኩ፤ ከነጠላው ወጥቶ የሚታየውን የሕፃኗን ተረከዝ በአንድ ጣት ነኩ።

«ትሞቃለች» አሉ።

ልጅቱ ስትጠባ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ቀረ። እስክትጠግብና ጡቱን ራሷ እስክትለቅ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ እመት ስንዱ፣ «ወተቱን የምትጠጪ አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ።»

«በፍልሰታ?»

«አራስ ነኝ እኮ፣ እናቴ» አለች እንጉዳይ፤ ብርቱካንም እኔም ሳናስበው ሳቅን። እሷ ግን ወዲያው ፊቷን ኮስተር አደረገች። «እገባለሁ። ግን ከጡቴ የሚነጥቃት ካለ ተመልሼ እዚህ ነኝ።»

«ማን ይነጥቅሻል» አሉ አማቷ። «እኔ በሩ ላይ እተኛለሁ።»

ያን ቀን ቤታቸው ገቡ። ብርቱካን የልጅቱን ተረከዝ ወግታ ለምርመራ የሚላክ ደም ወሰደች፤ ጊዜው ያለፈ ቢሆንም ከመቅረት ይሻላል ብላ። ቄስ አድማሱ ሲሰሙ ጥምጣማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ቀጥሎ የጠየቁት ግን ስለ ጥምቀቷ ነው፤ ሰማንያ ቀኗ አልፎ ነበር።

እሑድ ተጠመቀች። የክርስትና እናት ስትፈለግ እንጉዳይ ወደ እኔ ጠቆመች። በባሕር ዳር ክርስትና ማለት ድንኳንና ዘመድ ነው፤ እዚህ እኛ ብቻ ነበርን፣ ብርዱና ውኃው። ልጅቱ ውኃው ሲነካት ጮኸች፤ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዞር አሉ። ያውቁታል ያን ድምፅ። አንዲት ሴት አማተበች። እንጉዳይ ልጅቱ ከጡት በቀር እንዳትቀምስ ብላ ስለ ቁርባኑ ሰግታ በጆሮዬ ጠየቀችኝ፤ ቄሱ ሰምተው፣ «እሱ ሕይወት ነው እንጂ ምግብ አይደለም፤ ጠብታ ነው» አሏት። ስሟን እመት ስንዱ «ካሳነሽ» ሊሏት ፈልገው ነበር። እንጉዳይ ግን «የማንም ካሳ አይደለችም» ብላ ስሟን «ትሁን» አለቻት።

ሰኞ ጠዋት ተመለስን። እመት ስንዱ እስከ ጋራው ጫፍ ሸኙን። ጭጋጉ ወርዶ ስለነበር ፊታቸውን አላየሁትም፤ አጠገቤ ሲራመዱ ብቻ እሰማለሁ።

«ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ያም ቢጠባ ኖሮ ይኖር ነበር?»

መልስ ቢሆን ብዙ መልስ አውቃለሁ፤ ሰው የሚያጽናና። «አላውቅም፣ እናቴ» አልኋቸው። «ሊኖር ይችል ነበር። በሽታው ሊይዘውም ይችል ነበር። ያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር።»

ለጥቂት ጊዜ ተራመዱ። «አውቃለሁ ብትይኝ አላምንሽም ነበር» አሉ። ከዚያ የእግራቸው ድምፅ ቆመ። ስዞር ጭጋግ ብቻ ነው። «በሰላም ግቡ» ሲሉ ከሩቅ ሰማሁ፤ ከየት በኩል እንደሆነ ግን መለየት አልቻልሁም።

በመልሱ ጉና ላይ ፀሐይ ነበር። ገደሉን ያን ጊዜ አየሁት፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። ባሕር ዳር ስገባ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቴ ላይ ተለጠፈ፤ ልጄም ሲያየኝ ሮጦ መጣ።

ብርቱካን የላከችው ደም ውጤቱ ነጻ መሆኑን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነገረችኝ። ማጥባቱ ገና ስላላበቃ አልተደሰትንም፤ ጠበቅን። ትሁን ጡት ጥላ የመጨረሻውን ምርመራ ባደረገች ቀን ብርቱካን ደወለችልኝ።

«ነጻ ናት» አለች።

«እመት ስንዱስ ምን አሉ?»

«እሳቸው ናቸው አዝለው ያመጧት። ስነግራቸው ወጥተው ሄዱ። ከፋቸው እንዴ ብዬ ነበር። በማግስቱ ሆዷ የገፋ ጎረቤታቸውን እጇን ይዘው መጡ። "ይችንም መርምሩልኝ" አሉኝ፣ "ሳይረፍድ።"»